በጎረቤት ደጃፍ ስለ መቆም

ሰው ከሰው ጋር ሲኖር ሁለት ዓይነት ክፉ ነገር ያገኘዋል። አንደኛው ክፉዎች የሚሠሩት ነው፤ ሁለተኛው ደጋጎች ዝም በማለታቸው የሚፈቅዱት ነው። ስለ ፊተኛው ብዙ ሕግ ወጥቶለታል፤ በኋለኛው ግን የሚፈርድበት ዳኛ ከኅሊና በቀር የለም። ስለዚህ ለወጣት አንባቢዬ የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፤ በጥላቻ የሰከረ ጉባኤ በሌላው ወገን ላይ ሲነሣ ሹመትም መሣሪያም የሌለው ተራ ሰው ወጥቶ ሊቋቋመው ይገባዋልን? ወይስ በሩን ዘግቶ መቀመጥ ይሻለዋል?

ነገሩ ሩቅ እንዳይሆንብን በሐረር፣ በአቦከር እንጀምር። አንድ ወጣት በቤቱ ደጃፍ ቆሟል እንበል። ከጥጉ ሱቅ ያለው ጎረቤቱ በቋንቋም በሃይማኖትም ከእርሱ የተለየ ነው። ቢሆንም በሕፃንነቱ ከረሜላ በዱቤ የሰጠው፣ እናቱ በታመመች ሌሊት መኪና ፍለጋ የሮጠላት እርሱ ነው። አንድ ቀን ወሬ ይነሣል። በሩቅ ከተማ ሰው ተገደለ ይባላል፤ ገዳዩ ሳይታወቅ ዕዳው በጎረቤቱ ወገን ሁሉ ላይ ይጫናል። ከመንገዱ ጫፍ ዱላ የያዙ ልጆች እየጮኹ ይመጣሉ፤ ከመካከላቸውም አብሮት የተማረ፣ አብሮት ኳስ የተጫወተ አለ። ይህ ወጣት ምን ያድርግ?

ምሳሌው ከባዶ ሜዳ የመጣ አይደለም። ዘፋኙ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ. ም. በአዲስ አበባ በተገደለ ጊዜ ሐዘኑ የብዙዎች ነበረ። በማግስቱ ግን ሐዘኑ ቁጣ ሆነ፤ በሐረርም የራስ መኮንን ሐውልት ፈረሰ። በኦሮሚያ ከተሞች ደግሞ የጠፋው የሰው ሕይወት ነበረ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን መርምሮ እንደ ገለጸው በእነዚያ ቀኖች 123 ሰዎች ሞቱ፤ ቢያንስ 500 ቆሰሉ። ብዙዎቹ በጸጥታ ኃይሎች ጥይት ወደቁ፤ ሌሎቹ በገዛ አገራቸው ሰዎች እጅ ተገደሉ። በዚያው ክፉ ጊዜ ግን ጎረቤቶቻቸውን በጓዳቸው ደብቀው ያተረፉ ሰዎችም ነበሩ። አንዱ መንደር ገዳይንም አዳኝንም ማፍራቱን ልብ በል።

ምናልባት፣ «ጸጥታን መጠበቅ የመንግሥት ሥራ ነው፤ እኔ ምን አገባኝ?» የሚል ይገኝ ይሆናል። ቃሉ በከፊል እውነት ነው፤ ፊተኛው ተግባርም ሕግ አስከባሪን መጥራት ነው። ነገር ግን በ2012 የተጠቁት ሰዎች ደጋግመው ቢጣሩ ደራሽ እንዳላገኙ ያው ኮሚሽን ጽፏል። እንግዲህ በጥሪውና በደራሹ መካከል አንዲት ሰዓት አለች። ያቺን ሰዓት የሚሞላት ሹም አይደለም፤ ጎረቤት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል፤ ይኸውም፣ «ጉባኤ በጉባኤ ላይ ቢወጣ እሳቱ ይበረታል» የሚለው ነው። በአሜሪካ በሻርለትስቪል ከተማ ነሐሴ 6 ቀን 2009 ዓ. ም. ዘረኞች ሰልፍ በወጡ ጊዜ ሊቃወሟቸው ከወጡት መካከል የ32 ዓመት ሴት በመኪና ተገጭታ ሞተች። ስለዚህ አደጋ የለበትም ብዬ አንባቢዬን አላታልልም። የሄደ ሁሉ በሰላም አይመለስም።

ሆኖም ሌላም ታሪክ አለ። ፋሺስቶች አዲስ አበባን ይዘው በነበረበት በ1929 ዓ. ም.፣ የሙሶሊኒ ወዳጅ ኦዝዋልድ ሞዝሊ ጥቁር ሸሚዝ የለበሱ ተከታዮቹን አሰልፎ አይሁድ በሚኖሩበት በምሥራቅ ሎንዶን ሊያልፍ ተነሣ። ቀኑ መስከረም 24 ነበረ። የሰፈሩ ሕዝብ በኬብል መንገድ ላይ ዕቃውን ከምሮ መንገዱን ዘጋ፤ ከአይሁድም ጋር የአይርላንድ ተወላጆች የሆኑ የወደብ ሠራተኞች ቆሙ። በመጨረሻ ሰልፉ ወደ ኋላ ተመለሰ። በወራት ውስጥም የፖለቲካ ማኅበር የደንብ ልብስ ለብሶ በአደባባይ መታየትን የሚከለክል ሕግ ወጣ። ነገር ግን ታሪክን በጎደሎ መናገር አይገባም። በዚያ ቀን የሚበዛው ድብድብ ከፖሊስ ጋር ነበረ፤ ከሳምንት በኋላም የአይሁድ ሱቆች ተሰባበሩ። ከዚህ የምንማረው የሕዝብ መቆም የክፋትን መንገድ ሊያጥር እንዲችል፣ ነገር ግን ሕግ ካልተከተለው በቂ እንዳይሆን ነው።

በዘመናችንም በእንግሊዝ አገር በሳውዝፖርት ሦስት ሕፃናት በሐምሌ 2016 ዓ. ም. በተገደሉ ጊዜ ገዳዩ እስላም ስደተኛ ነው የሚል ሐሰተኛ ወሬ ተነዛ፤ ሁከተኞችም የከተማውን መስጊድ ወረሩ። በማግስቱ የሰፈሩ ሰዎች መጥተው የፈረሰውን አጥር መልሰው ሠሩ። ነሐሴ 1 ቀን ደግሞ ሌላ ጥቃት ይሆናል በተባለ ጊዜ በየከተማው ሺህ በሺህ ሰው ወጥቶ ቆመ፤ ፖሊስም ተሰማራ፤ ይፈራ የነበረው ጥቃት አብዛኛው ሳይሆን ቀረ። አጥር መሥራትም መቃወም ነው፤ እንዲያውም ከጩኸት ይልቅ ይናገራል።

ሦስተኛው ቃል፣ «እኔ ብቻዬን ምን እሆናለሁ?» የሚለው ነው። አባቶች፣ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለዋል። ሐረር ለዚህ የሚሆን ዕቃ አላት። ሐረሪዎች ለሠርግና ለቀብር የሚሰበሰቡበት አፎቻ አላቸው፤ ሌሎቹም ዕድር አላቸው። ሰው ከሞተ በኋላ ለመቅበር የሚሰበሰብ ማኅበር፣ ሳይሞት ለማዳን መሰብሰብ ስለ ምን ያቅተዋል? ሽማግሌዎች ከፊት፣ እናቶች ከጎን ሆነው ባዶ እጃቸውን በአንድ ደጃፍ ቢቆሙ፣ ዱላ የያዘው ልጅ የሚያየው ጠላት አይደለም፤ ያሳደጉትን ሰዎች ነው።

አሁን ወደ ዋናው ፈተና ደረስን። በሌላው ወገን ሁከተኛ ላይ መጮኽ ቀላል ነው፤ ጭብጨባም ያስገኛል። የሚከብደው የገዛ ወገን ሲሳሳት በፊቱ መቆም ነው። ያ ወጣት ከመጡት ልጆች ወገን በመሆኑ ቃሉ ከማንም ይልቅ ይሰማል፤ በዚያው መጠንም ከሃዲ ይባላል። ግን ከዳ ማለት ምንድር ነው? ወገኑን ወደ ነፍሰ ገዳይነት ሲሄድ እያየ ዝም ያለ ነውን፣ ወይስ እጁን ይዞ የመለሰ? እኔስ የመለሰው ወገኑን ከሁሉ አብልጦ ወደደ እላለሁ።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። ተራ ሰው መቆም ይገባዋል፤ ነገር ግን ሊጠብቅ እንጂ ሊመታ አይሁን። ዱላ ይዞ የወጣ ተቃዋሚ ሁለተኛው ሁከተኛ ነው። ብቻውን አይውጣ፤ ሕግ አስከባሪን ሳይጠራ አይውጣ። ሕፃን ያዘለችና የታመመ መንገድ ላይ ባይቆሙ አይፈረድባቸውም፤ ለተሳደደው በራቸውን ቢከፍቱ ድርሻቸውን ፈጽመዋል። ያልተጣራ ወሬ ተቀብሎ አለማስተላለፍ ግን ከማንም የማይቀር ግዴታ ነው፤ ዱላውን የሚያስነሣው ወሬው ነውና።

ሐረር በ1998 ዓ. ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የጁገል ግንብ የያዘች ከተማ ናት። በግንቡ ውስጥ 82 መስጊዶች አሉ፤ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያንም አለ። ጅብ ሳይቀር በሌሊት ገብቶ ከሰው እጅ በልቶ ይወጣል። ከአውሬ ጋር መኖርን የቻለች ከተማ ልጆች ከጎረቤት ጋር መኖር ቢያቅታቸው ነውር ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለውን ተረት ታውቃለህ። ክፉው ካለፈ በኋላ የሚያወግዝ ብዙ ነው። ጎረቤትህ የሚያስፈልገው ግን ጅቡ ሳይሄድ የተሰማ ድምፅ ነው። ያ ቀን እንዳይመጣ ጸልይ፤ ቢመጣ ግን በማን ደጃፍ እንደምትቆም ከዛሬ ወስን፤ በጩኸት መካከል ልብ ማሰቢያ ጊዜ አያገኝምና።