የጠጣነው ውኃና ያለብን ዕዳ

የሰው ልጅ ከተቀበላቸው የእግዚአብሔር ስጦታዎች መካከል እንደ ውኃ ዘወትር የሚነካው፣ እንደ ውኃም ሳያስበው የሚያልፈው የለም። ቧንቧው ሲከፈት ውኃው ከየት መጣ ብለን የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን፤ ከታጠብንበት በኋላ ወዴት ይሄዳል ብለን የምንጠይቅ ግን ከጥቂቶቹም ያነስን ነን። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ይህ ነው፤ ንጹሕ ውኃ የጠጣ ሰው ከእርሱ በታች ለሚኖር ሰውና ፍጥረት ዕዳ አለበትን ወይስ የለበትም?

ምሳሌውን ከሩቅ አገር አናመጣም። እኛ የምንኖርበት የቂርቆስና የካዛንችስ አካባቢ ታሪኩ ከውኃ የሚጀምር ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ የፍልውኃን ምንጭ ወደው በአካባቢው ስለ ሰፈሩ ነው። እንግዲህ የከተማችን አዋላጅ ውኃ ናት ብንል ማጋነን አይሆንም። ዛሬ ግን የምንጠጣው ከፍልውኃ አይደለም። ከከርሠ ምድር ከሚወጣው በቀር ውኃችን የሚመጣው ከከተማው ዳር ከተገደቡት ውኆች ነው፤ እነርሱም በምዕራብ በአምቦ መንገድ ያለው ገፈርሳ፣ በምሥራቅ በ1962 ዓ.ም. ገደማ የተሠራው ለገዳዲ፣ በ1991 ዓ.ም. ገደማም የተጨመረው ድሬ ናቸው። ገፈርሳ በትንሹ አቃቂ ራስ፣ ለገዳዲና ድሬ በትልቁ አቃቂ ራስ ላይ መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

አንድ የኅዳር ጠዋት ለአገልግሎት በአምቦ መንገድ ስንሄድ ከገፈርሳ ዳር ጥቂት ቆምን። በውኃው ጠርዝ፣ በሣሩ ላይ፣ ክንፋቸው ሰማያዊ ቀለም የተቀባ የሚመስል ዝዮች ይግጡ ነበር። የዚህ ዝይ መኖሪያ የኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነው፤ ሲሄድም አንገቱን ወደ ኋላ አጥፎ በጀርባው ላይ የማሳረፍ ልማድ አለው። ከመካከል ደግሞ የአውሮፓንና የእስያን ብርድ ሸሽተው የመጡ ዳክዬዎች ይዋኙ ነበር፤ እነዚህ መስከረም ሲጠባ መምጣት ይጀምራሉ፣ የበጋው ወራት ሲያልቅም ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። ሰው ለራሱ ጥም ያበጀው ግድብ ለእንግዶች አዕዋፍ ማረፊያ ሆኖ አየነው።

አብሮን የነበረው ወጣት ዲያቆን ግን፣ «የኔታ፣ በእነዚህ ላይ ዓይን ማሳረፍ ከንቱ ተድላ አይሆንብንምን? ይህን ጊዜ ዳዊት ብንደግምበት አይሻልም?» ሲል ጠየቀን። ጥያቄው የብዙ ምእመናን ጥያቄ ስለ ሆነ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም።

የሥነ ፍጥረት መምህራን እንደሚያስተምሩን፣ በዕለተ ሐሙስ በደረት የሚሳቡ፣ በእግር የሚሽከረከሩ፣ በክንፍ የሚበሩ ፍጥረታት በእግዚአብሔር ቃል ከውኃ ተገኝተዋል። ስለዚህ አዕዋፍ የውኃ ልጆች ናቸው፤ ወደ ገፈርሳ ሲወርዱም ወደ እናታቸው ቤት መመለሳቸው ነው። ጌታችንም ስለ ነገ የሚጨነቁትን ሲያስተምር የሰማይን ወፎች ልብ ብለው እንዲያዩ አዟቸዋል። እንዲያዩ የታዘዙትን ማየት እንዴት ከንቱ ይሆናል? ከንቱ የሚሆነው አይቶ ለመያዝ፣ ይዞ ለማጥፋት የሚመኝ ዓይን ነው። በኦሪት የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው ጫጩቶቹን ቢወስድ እንኳ እናቲቱን እንዲለቅ ታዝዟል። ሕጉ መጠቀምን አልከለከለም፤ ነገር ግን ለመጠቀም ወሰን አበጀለት። አይቶ የሚያመሰግን ሰው ከዳዊት መዝሙር አልራቀም፤ ነቢዩም በወንዝ ዳር የሚያዜሙትን አዕዋፍ አይቶ ነው ፈጣሪውን ያመሰገነው። ለዲያቆኑም ይህንኑ መለስንለት።

እንግዲህ ከላይኛው ውኃ ወደ ታችኛው እንውረድ። በሰፈራችን አጠገብ የሚያልፉት ባንትይቀጡና ቀበና ወደ ትልቁ አቃቂ ይገባሉ። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ደግሞ ከከተማው በስተ ደቡብ በአባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገናኛሉ። ይህም ሐይቅ ጥንት ለመብራት ኃይል ተብሎ የተገደበ ነው። አስቀድመን ልብ ይባል ያልነው ይህን ነው፤ በራሱ ላይ ገድበን የጠጣነውና በጅራቱ ላይ ቆሻሻችንን የጫንንበት ወንዝ አንድ ነው። የአባ ሳሙኤልና የአቃቂ ረግረግ እንደ ገፈርሳ ሁሉ የውኃ አዕዋፍ መሰብሰቢያ ነው። የሚደርሰው ግን የመጸዳጃ ፍሳሽ፣ የፋብሪካ ዝቃጭና የፕላስቲክ ክምር ነው። እንቦጭ የሚባለውም አረም ከዚህ እድፍ ምግቡን እያገኘ የውኃውን ፊት ይሸፍናል፤ ብርሃንና አየር ያጣ ውኃም ዓሣውን ማኖር ይሳነዋል፤ ዓሣ ከጠፋ ወፉም ይሄዳል። በአቃቂ ዳር ያሉ ገበሬዎች በዚሁ ውኃ ጎመንና ሰላጣ ያጠጣሉ፤ አትክልቱም ተመልሶ ወደ ገበያችን ይመጣል። አቃቂ ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአፋር ቆላ ሐይቆች ያልቃል። ስለዚህ የጣልነውን የሚወስድልን ባሕር የለም፤ ሁሉም በአገራችን ይቀራል።

አባቶቻችን ስለ ጅብና ስለ አህያ የሚያጫውቱት ተረት አለ። ጅብ ከላይ፣ አህያ ከታች ሆነው ሲጠጡ ጅብ፣ ውኃውን አደፈረስሽብኝ ብሎ ከሰሳት ይባላል። ሰሚ ሁሉ በጅቡ ይስቃል። እኛ ግን ከላይ ሆነን በእውነት እያደፈረስን፣ የታችኛው ሰው ሲጮኽ እንኳ አንሰማም። ነቢዩ ሕዝቅኤል ጥሩውን ውኃ ከጠጡ በኋላ የቀረውን በእግራቸው የሚያደፈርሱትን በጎች ወቅሷል፤ ደካሞቹ የደፈረሰውን እንዲጠጡ ተገድደዋልና። ነቢዩ የወቀሳቸው ስለ ጠጡ አይደለም፤ ከጠጡ በኋላ ስላደረጉት ነው። የጥያቄያችንም መልስ ከዚህ ይገኛል፤ የጠጣ ሁሉ ዕዳ አለበት፤ ዕዳውም ለማያየው ባልንጀራው ነው። የምናየውን ባልንጀራ ማፈር ያስወድደናል፤ የማናየውን ግን እግዚአብሔርን መፍራት ብቻ ያስወድደናል።

ይህን ስንጽፍ ራሳችንን ከወቀሳው አናወጣም። በአንድ የበዓል ማግሥት ከምናገለግልበት አጥቢያ በታች ባለው ቦይ ጠበል የተቀዳባቸው የፕላስቲክ ጠርሙሶች ተከማችተው አየን። ከእነርሱም አንዳንዶቹን እኛው በእጃችን ባርከን የሰጠናቸው ነበሩ። ጠበሉን ስንሰጥ ስለ ጠርሙሱ አንድ ቃል አለመናገራችን ያን ቀን ከበደን። በጥምቀት ውኃውን ባርከን፣ በማግሥቱ ወንዙን ስናረክስ፣ የባረክነው የትኛውን ውኃ ነው? በቅዳሴያችን ስለ ዝናምና ስለ ወንዞች እየለመንን፣ የለመንነው ሲሰጠን ቆሻሻ የምንጥልበት ከሆነ ጸሎታችን በራሳችን ላይ ይመሰክራል።

አንዳንዶች፣ ይህ የመንግሥት ሥራ ነው፣ ደግሞስ መጸዳጃ የሌለው ድኻ ምን ያድርግ? ይላሉ። ሁለቱም እውነት አለበት። የፍሳሽ መስመር መዘርጋትና ፋብሪካን መቆጣጠር የመንግሥት ድርሻ ነው፤ ምርጫ ያጣ ድኻም ምርጫ ካለው ባለጸጋ እኩል አይፈረድበትም። ነገር ግን ዘይቱን፣ ላስቲኩን፣ የፈረሰ ቤት አፈሩን ወደ ወንዝ የሚደፋው ሁሉ ድኻ አይደለም። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማችን የወንዞችን ዳር የማስዋብ ሥራ ተጀምሯል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የካዛንችስ አሮጌ ሰፈር ፈርሶ መልኩ ተለውጧል። አበባውና መንገዱ ዓይንን ደስ ያሰኛል። ሆኖም የዳሩ ማማር የውኃው መንጻት አይደለም፤ ጌታችን ውጭውን አጥርተው ውስጡን የተዉትን ጽዋ አጣቢዎች እንደ ወቀሰ አንርሳ።

እንግዲህ ካህናት ሆይ፣ ጠበል ስትሰጡ ስለ ዕቃውም አስተምሩ፤ የየአጥቢያችሁን ቦይ ከሰንበት ተማሪዎች ጋር አጽዱ። ምእመናን ሆይ፣ ልጆቻችሁን በበጋ ወደ ገፈርሳ ወስዳችሁ አዕዋፉን አሳዩአቸው፤ እንቁላሉንና ጎጆውን እንዳይነኩ፣ የበሉበትንም ይዘው እንዲመለሱ አስተምሩአቸው። ከዚያም ወደ አባ ሳሙኤል ወስዳችሁ ያው ወንዝ ከእኛ በኋላ ምን እንደ ሆነ አሳዩአቸው። ልጁ ሁለቱን ውኆች አይቶ በመካከላቸው ማን እንዳለ ቢጠይቃችሁ፣ «እኛ ነን» ብላችሁ እውነቱን መልሱለት።

የውኆችን ምንጭ የሠራ አምላክ የጠጣነውን እንድናስብ፣ ከእኛ በታች ላሉትም እንድንራራ ልቡና ይስጠን። ለእርሱ ክብርና ምስጋና ይሁን፤ አሜን።