ንድፍ ቤትን ያድናልን?

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ አሮጌዎቹ ቤቶች መፍረስ በጀመሩ ጊዜ ከተነሣው ክርክር ውስጥ፣ ከቁጣውም ከደስታውም ይልቅ ኅሊናዬን አልለቅ ያለው፣ ያዘነውን ሰው ለማጽናናት በቅንነት ሲነገር ደጋግሜ የሰማሁት አንድ ቃል ነበር፤ ይኸውም ቤቱ ተለክቶ ፕላኑ ከተነሣና በመዝገብ ከተቀመጠ፣ ግድግዳው ቢናድም ቤቱ አልጠፋም የሚለው ነው። ስለ መንገዱ ስፋትና ስለ ከተማው ንጽሕና ከሚከራከር ሰው ጋር መነጋገር ይቻላል፤ ይህ ማጽናኛ ግን ስለ ቤት ህላዌ የተሰጠ ፍርድ ስለ ሆነ፣ እውነት ከሆነ ብዙ ኀዘናችን ከንቱ ነው፤ ሐሰት ከሆነም አፍራሹን ያለ ጸጸት የሚያሰናብት ቃል ነው።

ነገሩን በራሳችን ጠብ ውስጥ ሆኖ መመርመር አስቸጋሪ ስለሚሆን፣ ንድፎች እጅግ ባማሩበትና በጥንቃቄ በተጠበቁበት ስፍራ ልጀምር። የስሪ ላንካው አርክቴክት ጄፍሪ ባዋ በ1919 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኮሎምቦ ተወልዶ፣ አስቀድሞ ሕግ ተምሮ ጠበቃ ከሆነ በኋላ፣ በቤንቶታ አጠገብ ሉኑጋንጋ የተባለውን የጎማ ዛፍ እርሻ ገዝቶ ወደ አትክልት ስፍራ ሊለውጠው ቢነሣ፣ ምኞቱ ከዕውቀቱ በላይ ሆኖ ስላገኘው፣ ወደ ለንደን ሄዶ የሕንጻን ጥበብ ተማረና በ1957፣ በ38 ዓመቱ፣ አርክቴክት ሆነ። በ2003 ሲሞት፣ የኮሎምቦ መኖሪያ ቤቶቹ፣ በባሕር ዳር የተሠራው የ1969ኙ የቤንቶታ ሆቴል፣ ከዳምቡላ አጠገብ ከዐለቱ ገደል ጋር ተያይዞ የቆመው የ1994ቱ የካንዳላማ ሆቴል፣ በሕንድ የማዱራይ ክበብ፣ በባሊ ደሴት የባቱጂምባር ቤቶች፣ ከእነርሱም ጋር ከቶ ያልተሠሩት ሕንጻዎች የሚገኙባቸውን ንድፎች ትቶ አለፈ። የእነዚህ ንድፎች ቤተ መዛግብት ሀብት በ2022 በኮሎምቦ ለሕዝብ በታየ ጊዜ፣ አዘጋጆቹ ለኤግዚቢሽኑ የሰጡት ስም በስፍራው መገኘት ግድ ነው የሚል ነበር። በወረቀቱ ፊት ላቆሙት ተመልካች ወረቀቱ አይበቃህም ብለው በግልጽ የመሰከሩለት ሰዎች፣ በእኔ ግምት፣ ከእኛ አጽናኞች ይልቅ ነገሩን ተረድተውታል።

እነዚህን ንድፎች የሚያይ ሰው አስቀድሞ የሚያስተውለው ዛፎቹን ነው። እንደ ላኪ ሰናናያኬ ያሉ፣ ከባዋ ጋር የሠሩ ሠዓልያን፣ ዛፍን በአንዲት ክብ ምልክት አያሳልፉትም፤ ግንዱን ከነዘመመበት፣ ቅጠሉን ከነተንጠለጠለበት፣ ለግድግዳው የሰጡትን ትጋት ሳያጎድሉ ይሥሉታል። ይሁን እንጂ እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ፣ ከዝነኞቹ ንድፎች መካከል ጥቂት የማይባሉት፣ በተለይም በ1986 በለንደን ለተደረገው ኤግዚቢሽንና ከእርሱ ጋር ለወጣው መጽሐፍ የተዘጋጁት፣ ሕንጻዎቹ ከቆሙ በኋላ የተሣሉ መሆናቸው ነው። እንግዲህ ንድፍ የሚባለው ነገር ሁለት የተለያየ ግብር አለው ማለት ነው። ከቤቱ የሚቀድመው ያዝዛል፤ ከቤቱ የሚከተለው ይመሰክራል። ልዩነቱም በቀኑ መቅደምና መከተል ብቻ አይደለም፤ ቤቱና ንድፉ ባልተስማሙ ጊዜ ጥፋቱ የማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ ይገለጣል። ትእዛዝ ከሆነ የተሳሳተው ግንበኛው ነው፣ ግድግዳውም ይታረማል፤ ምስክር ከሆነ ግን የተሳሳተው ሠዓሊው ነው፣ የሚታረመውም ወረቀቱ ነው። በአንደኛው ወረቀቱ በቤቱ ላይ ይፈርዳል፤ በሁለተኛው ቤቱ በወረቀቱ ላይ።

በባዋ ሥራ ደግሞ ትእዛዙ ራሱ ፍጹም አልነበረም። ሥራው እየተሠራ ሳለ በስፍራው ቆሞ እያየ የሚለውጥ ሰው ነበር፤ የካንዳላማውን ሆቴል እንኳ አስቀድሞ በታሰበለት በሲጊሪያ ዐለት ግርጌ መሥራትን ትቶ፣ ዐለቱ ከሩቅ ወደሚታይበት ወደ አንድ ሐይቅ ማዶ ወሰደው። የመጨረሻው ውሳኔ በወረቀት ላይ ሳይሆን በአፈሩ ላይ የተሰጠ ስለ ሆነ፣ ያንን ውሳኔ የሚያውቀው የቆመው ቤት ብቻ ነው። ስለዚህ አጽናኙ ሰው ያስቀመጥሁልህ ንድፍ አለ ሲለኝ፣ ያለው ምስክር ነው፤ ስለ ሟች በእውነት የመሰከረ ሰው ሟቹን አላስነሣውም ብዬ ጉዳዩን ልዘጋው አስቤ ነበር።

ነገር ግን በዚህ ላይ የሚነሣ አንድ ተቃውሞ አለ፤ እርሱም ባዋ ራሱ ከሠራቸው ቤቶች አንዱ ነው። ከ1960 እስከ 1962 በኮሎምቦ ለባቲክ ጥበበኛዋ ለኤና ደ ሲልቫ የሠራው ቤት፣ ከውጭ ዕቃ ማስገባት በተገደበበት ዘመን፣ በአገሩ ድንጋይ፣ በአገሩ ጣራ ክዳንና በአገሩ እንጨት የተሠራ፣ ለመንገዱ ረጅም አጥር አሳይቶ ክፍሎቹን ሁሉ በመካከሉ ወዳለው ግቢ ያዞረ፣ ለከተማ ኑሮ አዲስ ብልሃት የሆነ ቤት ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ ቤቱ ተሸጠና ቦታው ለመኪና ማቆሚያ ተፈለገ። በ2009 ገደማ ባለሙያዎች ቤቱን ለክተው፣ ድንጋዩን ቁጥር ሰጥተው፣ ፈታተው 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ወደ ሉኑጋንጋ አጓጓዙት፤ በ2016ም በዚያ ተሠርቶ ተፈጸመ። እንግዲህ ቤቱን ለመመስከር የተነሣው ልክ ቤቱን ለማነጽ ትእዛዝ ሆነ። ያው አንድ ወረቀት በፊት በቤቱ ተፈርዶበት ነበር፤ ኋላ በቤቱ ላይ ፈረደ። ልዩነቱ በወረቀቱ ባሕርይ ውስጥ ሳይሆን በአጠቃቀማችን ውስጥ ነው ማለት ነው፤ እንደዚያ ከሆነ አጽናኙ ረታኝን?

አሜሪካዊው ፈላስፋ ኔልሰን ጉድማን በ1968 ባወጣው መጽሐፉ፣ በምልክት የተጻፈ ዜማ በትክክል በተዜመ ቁጥር ያው ሥራ እንደሚሆን፣ ሥዕል ግን ከሠዓሊው እጅ የወጣው አንዱ ብቻ እንደ ሆነ ለይቶ፣ የሕንጻን ጥበብ በሁለቱ መካከል አቁሞታል። ለእኛ አንባብያን ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ በደብተራ አፍ የሚዜመው ድጓ፣ በጎንደርም ይዜም በሸዋ፣ ምልክቱ እስከ ተጠበቀ ድረስ ያው ድጓ ነውና። የሣር ክዳኑ ያረጀ ቤተ ክርስቲያንም ፈርሶ በቆርቆሮ ሲሠራ ደብሩ ያው ደብር ነው፤ ምክንያቱም የደብሩን ማንነት የሚይዘው ታቦቱ እንጂ ግድግዳው አይደለም። ጥያቄው እንግዲህ የመኖሪያ ቤት ታቦት ምንድን ነው የሚል ይሆናል፤ አጽናኙም ንድፉ ነው ሊለኝ ነው።

ይህን እንዳልቀበል የሚያደርገኝ የኤናን ቤት ያጓጓዙት ሠራተኞች ድካም ነው። ንድፉ በቂ ቢሆን ኖሮ አዲስ ድንጋይ መጥረብ ይቀልል ነበር፤ አሮጌውን እየቈጠሩ ማጓጓዛቸው ልኩ ብቻውን ቤቱ እንዳልሆነ ማመናቸውን ያሳያል። መልሼ ሳስበው ግን ድንጋዩም ብቻውን በቂ ቢሆን ኖሮ መለካት ባላስፈለገ ነበር፤ የተቆለለ ድንጋይ ቤት አይደለምና። ሥርዐቱና አካሉ አንድ ላይ ሲሻገሩ ብቻ ቤቱ ተሻገረ ለማለት ይቻላል።

ስፍራውስ? አስቀድሜ እንዳሰብሁት፣ ያ አጥር የተሠራው የከተማውን ጩኸት ለመከልከል ስለ ነበረ፣ በሉኑጋንጋ ጸጥታ መካከል ለሌለ ጥያቄ የቀረ መልስ ሆኗል፤ ስለዚህ ቤቱ ያው አይደለም ልል ነበር። ይህን እንዳልል የከለከለኝ የአክሱም ሐውልት ነው። በ1937 ተሰባብሮ ከወደቀበት ወደ ሮም ተወስዶ በዚያ የቆመው፣ በ2005 ተመልሶ በ2008 በአክሱም የተተከለው ሐውልት፣ ያ ሁሉ ዘመን ሲጠየቅ የኖረው በሮም የቆመው ራሱ ሐውልቱ ስለ ነበረ ነው። ከስፍራው መለየት ማንነቱን ቢያሳጣው ኖሮ ይመለስልን ማለት ትርጉም ባልነበረው። ስለዚህ የኤናም ቤት በሉኑጋንጋ ያው ቤት ነው፤ ነገር ግን በስደት ያለ ቤት ነው፣ ስደተኛም የጎደለው ነገር ቢኖር ማንነቱ አይደለም።

እንግዲህ ክርክሬ ካሰብሁት ጠበበ። ንድፍ ቤትን አያድንም ብዬ ተነሥቼ፣ አሁን ለመናገር የምችለው አካሉ ሳይኖር ንድፉ አያድነውም የሚለውን ብቻ ነው። ድንጋዩ ተቈጥሮ ለተቀመጠለት ቤት ማጽናኛው ተስፋ አለው፤ ድንጋዩ ከፍርስራሽ ጋር ተጭኖ ለተጣለው ግን፣ ልኩ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን፣ ሊሠራ የሚችለው ሌላ ቤት ነው፤ እርሱም መልካም ቤት ሊሆን ይችላል፤ ያዘነውን ሰው ግን አልጠፋብህም ልንለው አይገባም።

የሚቀረኝ ጥርጣሬ በቤተ መዛግብቱ ውስጥ ባሉት ፈጽሞ ባልተሠሩት ሕንጻዎች ንድፎች ላይ ነው። እነዚህ የሚመሰክሩለት አካል የላቸውም፤ ትእዛዝ ብቻ ናቸው። ባዋ ከሞተ በኋላ አንድ ባለጠጋ ተነሥቶ ከእነርሱ አንዱን በልኩ ቢያሠራ፣ ዜማው ዛሬ ተዜመ እንደሚባል የባዋ ሥራ ሆነ ልንል የምንችል ይመስላል፤ የማይገኝለት አሮጌ ድንጋይ ስለሌለም ከላይ ያልሁት መሰናክል አያግደውም። ነገር ግን በአፈሩ ላይ ቆሞ ግድግዳውን የሚያስነቅል፣ ዛፉ ይቅር መስኮቱ ይዙር የሚለው ሰው በዚያ አይገኝም፤ ባዋም ሳይታረም እንዲፈጸም አስቦ ያወጣው ትእዛዝ ያለ አይመስለኝም። ቢጠይቁኝ አትሥሩት እላለሁ፤ ይህን ስል ግን የሰውየውን ልማድ የሥራው ባሕርይ አድርጌ ቈጥሬው እንደ ሆነ፣ እስከ አሁን ለመለየት አልቻልሁም።