የደጋን ጉልበትና የአዳኝ ዕዳ

በካላሃሪ የሚኖሩት የሳን ሕዝቦች ሲያድኑበት የኖሩት ደጋን ትንሽና ለመሳብ ቀላል ነው፤ ቀጭኔን የሚያህል እንስሳ በጉልበቱ ብቻ አይጥልም። የሚገድለው ከፍላጻው ጫፍ ኋላ የሚቀባው፣ ከጥንዚዛ እጭ የሚወጣው መርዝ ነው። መርዙም ቶሎ አይሠራም፤ ትልቅ አውሬ እስኪወድቅ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ፍላጻው ከእጁ ሲወጣ የአዳኙ ሥራ ገና ይጀምራል፤ የወጋውን እንስሳ ዱካ ተከትሎ እስከ መጨረሻው መሄድ አለበት። በቀላል ደጋን ትልቅ አውሬ ማደን ተገቢ ነውን ለሚለው ጥያቄ መልሱን የማገኘው ከዚሁ ነው፤ አዳኝ በመሣሪያው አቅም ልክ ራሱን መግታትና ያቆሰለውን አለመተው ይጠበቅበታል።

መርዝ የሌለው ፍላጻ የሚገድለው ሳንባና ልብን ቆርጦ ነው። ደጋኑ ሲላላ ጫፉ ይበልጥ መሳል፣ ዘንጉ መክበድ፣ ርቀቱም ማጠር አለበት። አላስካ ሙስ የተባለውን ግዙፍ አጋዘን ለማደን ቢያንስ 50 ፓውንድ የሚሳብ ደጋን መጠየቋ ትክክል ነው፤ ሆኖም ሕግ ደጋንን እንጂ ትዕግሥትን መመዘን አይችልም። ጠንካራ ደጋን የያዘ ችኩልም ከሩቅ ወርውሮ አቁስሎ ይተዋል። «ጠመንጃ እያለ ስቃይን ማርዘም ለምን?» የሚለው ተቃውሞ ግን ከባድ ነው፣ በቀላሉም አይታለፍም። የሳን አዳኝ ያደነው ቤተሰቡን ለመመገብ፣ ባለው መሣሪያ ነው። ምርጫ እያለው ቀላል ደጋን የሚያነሣ ሰው ይህን ምክንያት ሊዋስ አይችልም፤ ዕዳው ይበልጣል። እንዲህ ያለው አዳኝ ጥቂት እንኳ ከተጠራጠረ ፍላጻውን ወደ ሰገባው ይመልስ።