ጆሮን ደፍኖ ድንጋይ ስለ ማንሣት

በአዲስ አበባ ከተማ፣ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በመስቀል ዐደባባይ ዙሪያ ሁለት የታወቁ ሥፍራዎች በቅርብ ርቀት ይገኛሉ። አንደኛው የቀዳሜ ሰማዕት የሊቀ ዲያቆናት የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሁለተኛው ብዙ ሺሕ ሕዝብ የእግር ኳስ ጨዋታ ለመመልከት ሲሰበሰብበት የኖረው የአዲስ አበባ ስታዲየም ነው። በአንደኛው በድንጋይ ተወግሮ የሞተው ዲያቆን ይታሰባል። ሁለተኛውን በመሳሰሉት ሜዳዎቻችን ደግሞ፣ መናገሩ የሚያሳዝን ቢሆንም፣ ድንጋይ የተወረወረበት ቀን አልጠፋም። ሁለቱን ያቀራረባቸው የከተማው አሠራር ነው፤ ይሁን እንጂ በዚህ ወር ልንጽፍበት ላሰብነው ነገር ከዚህ የተሻለ መነሻ አላገኘንም። ነገሩም ይህ ነው፤ በአንድ ጨዋታ ፍቅር ተሰብስበው የኖሩ ወዳጆች በፖለቲካ አሳብ በተለያዩ ጊዜ እንዴት ሆነው ይነጋገሩ?

ኳስ ተመልካቾች ስለሚነጋገሩት ነገር ቤተ ክርስቲያን ምን አገባት የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ግን ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው መልእክት የክርስቲያንን ተጋድሎ በእሽቅድምድም ሜዳ በሚሮጡ ሰዎች መስሎታል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም እንደ ጎርጎርዮስ አቈጣጠር በ399 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያንን ትተው ወደ ፈረስ እሽቅድምድም የሮጡትን የቍስጥንጥንያ ሰዎች አጥብቆ ገሥጿቸዋል። ይህ ተግሣጽ ቅዳሴን በጨዋታ ለሚለውጥ ሁሉ ዛሬም የሚገባ ነው፤ የአሁኑ ነገራችን ግን ሌላ ስለ ሆነ እናልፈዋለን።

ካዛንቺስ የሚባለው ሠፈር ስሙን ያገኘው በጠላት ወረራ ዘመን ለኢጣልያ መንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች ነው። በኋላ ግን የየአገሩ ተወላጅ ተቀላቅሎ የሚኖርበት የአዲስ አበባ እምብርት ሆነ። በዚህ ሠፈርም ሆነ በቂርቆስ በሌሎቹ መንደሮች ጎረምሳውም ጎልማሳውም ቴሌቪዥን ባለበት ቤት በአግዳሚ ወንበር ተጠጋግቶ ጨዋታ መመልከትን ልማድ አድርጎት ኖሯል፤ ይልቁንም የአገራችን የሊግ ውድድር ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ መደረግ ከጀመረ በኋላ ስታዲየም ይገባ የነበረው ሁሉ ወደነዚህ ቤቶች ተሰበሰበ። እዚያ የተቀመጠው ሰው ግማሹ የአርሴናል፣ ግማሹ የማንችስተር ወገን ነው። የተሸነፈው ይቀለድበታል፤ እርሱም በሚቀጥለው ሳምንት በተራው ይቀልዳል፤ ከዚያም ተያይዘው ቡና ይጠጣሉ። በዚህ ቀልድ የሚቆስል ሰው እምብዛም የለም፤ ከመካከላቸው እናቱ በማንችስተር ያለችበት ማንም የለምና። የገዛ አገራችን ቡድን የገዛ አገራችንን ከተማና ሕዝብ ስም ይዞ ሲወጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ያን ጊዜ ስድቡ በቡድኑ ላይ አይቆምም፤ አልፎ እናትን ይነካል።

ኳስ ሰውን አንድ ያደርጋል የሚል አነጋገር በየጊዜው እንሰማለን። እውነት አለበት፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በዚያው ስታዲየም የኢትዮጵያ ቡድን በዚያን ጊዜ የተባበረ ዐረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችውን ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደ። ከአራቱ ግቦች ሁለቱን ያገቡት አስመራ የተወለዱት ወንድማማቾች ሉቻኖና ኢታሎ ቫሳሎ ነበሩ፤ የመጨረሻውን የጨመረው የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ ነበር። ዋንጫውንም አምበሉ ሉቻኖ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ሕዝቡ በደስታ በጮኸበት በዚያ ቀን በኤርትራ የመጀመሪያው ጥይት ከተተኰሰ አምስት ወር አልሞላውም ነበር። ከዓመት በታች በሆነ ጊዜ፣ በኅዳር 1955 ዓ.ም.፣ ፌዴሬሽኑ ፈረሰ፤ ጦርነቱም እስከ 1983 ዓ.ም. ዘለቀ። አብሮ መጫወትና አብሮ ማጨብጨብ መልካም ነው፤ ነገር ግን ያልተነጋገሩበትን ነገር አይተካም።

በእኛም ዘመን ይኸው ደርሷል። በኅዳር 2010 ዓ.ም. በወልድያ ከተማ ለወልድያና ለመቐለ ቡድኖች ጨዋታ በተሰበሰበው ሕዝብ መካከል ሁከት ተነሥቶ የሰው ሕይወት እስከ መጥፋት ደረሰ። ከዚያም በኋላ ሁለቱ ክልሎች ቡድኖቻቸውን በየሜዳቸው ማገናኘት አስቸጋሪ ሆኖ ገለልተኛ ሜዳ ይፈለግ ጀመር። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነት ተነሣ፤ መቐለ 70 እንደርታ፣ ስሑል ሽረና ወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲ ከሊጉ ቀሩ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ተፈረመ፤ ቡድኖቹም በ2017 ዓ.ም. ተመልሰው ገቡ። ተጫዋቾቹ በሜዳ ላይ እጅ ለእጅ ተጨባበጡ። ተመልካቾቹስ?

በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡ ሦስት ወዳጆችን እናስብ። አንዱ የስልክ መሥመር በተቋረጠባቸው ወራት የእናቱን ድምፅ ሳይሰማ፣ ትኑር ትሙት ሳያውቅ የከረመ ነው። ሁለተኛው በሰሜን ወሎ የዘመዶቹ ቤት ተዘርፎ፣ ከቤተ ሰቡም የተገደለበት ነው። ሦስተኛው ከወለጋ የተፈናቀለች እኅቱን ከነልጆቿ በጠባብ ቤቱ ያስጠጋ ነው። ሦስቱም ለአንድ ቡድን ያጨበጭባሉ፤ ሦስቱም ዓርብና ረቡዕ ይጾማሉ። ዜና በቴሌቪዥኑ ሲመጣ ግን እያንዳንዱ የገዛ ኀዘኑን ብቻ ይሰማል። አንዱ ቃል ይናገራል፤ ሁለተኛው ይመልሳል፤ ሦስተኛው ተነሥቶ ይወጣል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ ይቀራል፤ ቀጥሎም ለቅሶ መድረስ ይቀራል። በየአጥቢያው ያሉ የንስሐ አባቶች የሚያውቁት ነገር ስለ ሆነ ብዙ ማብራራት አያስፈልገንም።

ለዚህ ብዙ ሰዎች የሚሰጡት መድኃኒት አንድ ነው፤ በመካከላችን ፖለቲካ አይነሣ ይላሉ። ዝምታ ወርቅ ነው የሚለውንም ተረት ይጠቅሳሉ። ቍስሉ ትኩስ በሆነበት ሰሞን ይህ ሥርዐት እንደ አንደበት ጾም ስለሚጠቅም አንነቅፈውም። ነገር ግን ጾም ፍስክ አለው። ወንድሙ የሞተበትን ሰው ስለ ሞተው ወንድምህ በመካከላችን አትናገር እያልን ዓመት ከዓመት አብረነው ብንቀመጥ፣ ያ ወዳጅነት አይባልም። ሰውዬው ኀዘኑን ይዞ የሚሰሙትን ፍለጋ ይሄዳል፤ የሚያገኛቸውም ብዙ ጊዜ ቍጣውን የሚያቀጣጥሉለትን ነው።

ወደ ቅዱስ እስጢፋኖስ የምንመለሰው ስለዚህ ነው። ብዙዎቻችን ሞቱን እናውቃለን፤ እንዴት እንደ ተሾመ ግን እምብዛም አናስብም። በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 6 እንደ ተጻፈው፣ በኢየሩሳሌም በነበረችው ቤተ ክርስቲያን በግሪክ ቋንቋ የሚናገሩት ምእመናን በዕብራውያኑ ላይ አንጐራጐሩ፤ በየዕለቱ በሚታደለው ምግብ መበለቶቻችን ተዘነጉ አሉ። ልብ እናድርግ፤ በቋንቋ በተለየ ወገን ስም የቀረበ የአድልዎ አቤቱታ ነው። ዛሬ ቢሆን ፖለቲካ እንለው ነበር። ሐዋርያት ግን የቤተ ክርስቲያንን አንድነት አታውኩ ብለው አላስፈራሩም፤ ወይም በሥውር ጥቂቶቹን ጠርተው አላባበሉም። ማኅበሩን ሁሉ ሰብስበው አቤቱታው በአደባባይ እንዲታይ አደረጉ፤ ማኅበሩም ሰባት ሰዎችን መረጠ። የሰባቱም ስም የግሪክ ስም ነው። ብዙ የነበሩት ዕብራውያን የአቤቱታ አቅራቢዎቹን ስም የያዙ ሰዎች በማዕዱ ላይ እንዲሾሙ ፈቀዱ ማለት ነው። የመጀመሪያው ቅዱስ እስጢፋኖስ ነበር። እንግዲህ የዲቍና ማዕርግ በቤተ ክርስቲያን የተጀመረው የተከፋ ወገን ተናግሮ በመደመጡ ነው።

አቤቱታ የሚሰማበት ሥፍራ ባጣ ጊዜ ምን እንደሚሆን ከሌላ ከተማ ታሪክ እንማራለን። በቍስጥንጥንያ የሠረገላ እሽቅድምድም ተመልካቾች ሰማያዊና አረንጓዴ በሚባሉ ሁለት ወገኖች ተከፍለው ነበር። ሕዝቡ ንጉሡን ፊት ለፊት አግኝቶ የሚጮኽበት ዋና ሥፍራ ያ የእሽቅድምድም ሜዳ ስለ ነበረ የግብሩም፣ የፍርዱም፣ የሃይማኖቱም ክርክር ሁሉ ወደዚያ ገባ። እንደ ጎርጎርዮስ አቈጣጠር በጥር 532 ዓ.ም. ሞት የተፈረደባቸው ሰዎች ይማሩልን በማለት የተጀመረው ጩኸት ወደ ዐመፅ ተለውጦ ከተማይቱን አቃጠለ፤ የቀድሞዋ ሐጊያ ሶፊያ ቤተ ክርስቲያንም ተቃጠለች። ጸሓፊው ፕሮኮፒዮስ እንደሚለው በሜዳው ውስጥ ብቻ 30,000 ያህል ሰው አለቀ። ኳስ ሜዳ የፍርድ ሸንጎ ሊሆን አይችልም፤ ሌላ ሸንጎ የሌለው ሕዝብ ግን ሊያደርገው ይሞክራል።

ታዲያ ወዳጆች በምን ዓይነት ይነጋገሩ? የቅዱስ እስጢፋኖስ አሟሟት ራሱ ያስተምረናል። ከሳሾቹ ድንጋይ ያነሡት ጆሯቸውን ከደፈኑ በኋላ እንደ ነበረ ቅዱስ ሉቃስ በተለይ ጽፎልናል። ጆሮ ሲደፈን ደግሞ በእጅ ብቻ አይደለም። በአማርኛ ቋንቋችን ጆሮ የሚደፈንባት አንዲት ትንሽ ቃል አለች። ሃያ ዓመት ሙሉ አንተ ስንለው የኖርነውን ወዳጅ በክርክር መካከል ድንገት እናንተ እንለዋለን። እናንተ እንዲህ አደረጋችሁ፤ እናንተ ዱሮም እንዲህ ናችሁ። ያ ሰው በዚያች ቅጽበት ከፊታችን ይጠፋል፤ በስሙ የምናውቀው፣ ልጁን ክርስትና ያነሣንለት ሰው ቀርቶ አንድ ሕዝብ በሙሉ በወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ የሚናገረውን ማንም አይሰማውም፤ ሕዝብ በሙሉ መልስ ሊሰጥ አይችልምና። ክርክሩ ይቀጥል፤ ነገር ግን በአንተ ይቀጥል። ፓርቲንና መንግሥትን መንቀፍ ይቻላል፤ የጦር አለቃ የሠራውን ግፍ በስሙ መጥራት ይቻላል። ወዳጅን ግን ባልሠራው ሥራ ተጠያቂ ማድረግ በሐሰት መመስከር ነው፤ ይህም ከዐሠርቱ ትእዛዛት አንዱን ማፍረስ ነው።

እዚህ ላይ መጽሐፍ የሚያውቅ አንባቢ ቅዱስ እስጢፋኖስም በመጨረሻ እናንተ ብሎ ገሥጾ የለምን ይለናል። አዎን፤ ቃሉም ለስላሳ አልነበረም። ነገር ግን ንግግሩን የጀመረው ወንድሞችና አባቶች ብሎ በመጥራት ነው፤ ከአብርሃም ጀምሮ ያለውን ታሪክ ሲተርክም አባቶቻችን እያለ ከእነርሱ ጋር ራሱን ቈጥሮ ነው። እናንተ ያለውም በመጨረሻው ሲሆን ድንጋዩ ሲወርድበት ተንበርክኮ ስለ እነርሱ ጸለየ። በዚህ ዓይነት ለመገሠጽ የተዘጋጀ ሰው ካለ ይገሥጽ፤ እኛ ብዙ አላየንም።

ክርክር ከመጀመሩ በፊት የሌላውን ነገር እርሱ ራሱ አዎን እንዲህ ነው ያልሁት እስኪል ድረስ መልሶ መናገር ጥሩ ልማድ ነው። በየአድባራቱ ያሉ ሽማግሌዎች ሁለት ባላጋራዎችን ሲያስታርቁ አንዱ ተናግሮ እስኪጨርስ ሌላው ጣልቃ እንዳይገባ የሚያደርጉት ለዚህ ነው። ደግሞም ክርክሩ ምንም ቢሞቅ ሳይሰነባበቱ አለመለየት፣ ከለቅሶና ከታመመ ጥየቃ አለመቅረት ይገባል። የወዳጁን እናት ለመቅበር የሄደ ሰው በማግስቱ ሲከራከረው ድምፁ ሌላ ነው።

በድንጋይ ውገራው ሥፍራ ድንጋይ ያልወረወረ አንድ ጐልማሳ እንደ ነበረም አንርሳ። ሳውል ይባላል፤ የወጋሪዎቹን ልብስ ይጠብቅ ነበር፤ ይመለከትም ነበር። በየወንበሩ ረድፍ እንዲህ ያለ ሰው ብዙ ነው። ሕዝብን የሚሳደብ ዜማ ሲነሣ አያዜምም፤ ነገር ግን ፈገግ ይላል። ተሳዳቢውም የሚበረታው በዚያ ፈገግታ ነው። ስለ እሽቅድምድም ሜዳ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈላቸው ቅዱስ ጳውሎስ ይኸው ሳውል ነው፤ ያን ቀን ምን ተመልካች እንደ ነበረም በኋላ በገዛ አፉ በኢየሩሳሌም ለተሰበሰበው ሕዝብ ተናግሯል።

የቤተ ክርስቲያናችን ሲኖዶስም በአገር ውስጥና በስደት ተከፍሎ ሩብ ምዕት ዓመት ያህል ከቈየ በኋላ በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በዋሽንግተን ታርቋል፤ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ መርቆሬዎስም በዚያው ወር መጨረሻ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው የሁለቱ ፓትርያርኮች ስም በአንድ ቅዳሴ ይጠራ ጀመር። ያን ያህል ዘመን የተራራቁ አባቶች በአንድ ጠረጴዛ ከተቀመጡ በአንድ ቴሌቪዥን ፊት ለተቀመጡ ምእመናን የሚከብድ አይሆንም።

በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ብዙው ክፍል በልማት ምክንያት ፈርሶ ነዋሪው እስከ ገላን ጉራ ድረስ ተበትኗል። አብረው ኳስ የሚመለከቱት ወዳጆችም ተበታትነዋል፤ ከእነርሱም ተኳርፈው ሳይታረቁ የተለያዩ አሉ። ድሮ በመንገድ ላይ መገናኘታቸው አይቀርም ነበር፤ አሁን ግን ካልተፈላለጉ አይገናኙም። ስለዚህ የንስሐ አባቶች ልጆቻቸውን ከማን ወገን ነህ ብለው ከመጠየቅ ይልቅ ሰላምታ ካቆምህበት ሰው ጋር ከተለያየህ ስንት ወር ሆነህ፣ ስልኩስ አለህን ብለው ቢጠይቁ መልካም ነው። የቅዱስ እስጢፋኖስ የዕረፍቱ በዓል ጥር 1 ቀን ነው፤ ለመቀጣጠርም ለሁሉም የሚታወቅ ሥፍራ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።