ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት

በአማርኛ ተናጋሪው ቤተሰብ ዘንድ ሲጠሩት አቤት፣ ሲልኩት ወዴት የሚል ልጅ የታረመ፣ ለወላጆቹም መመረቂያ የሚሆን ልጅ ተደርጎ ይቆጠራል። ከዚህ ሙገሳ ጎን ለጎን የሚነገረው ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የተባለው ምሳሌ ግን ነቀፋ ነው፤ የሚነቀፈውም ሰነፉ ወይም እምቢተኛው ሳይሆን ትጉሁ መሆኑ ከብዙ ምሳሌያዊ አነጋገሮች ይለየዋል። ሳይላክ የሚሮጥ ሰው በልቡ ክፋት ላይኖር ይችላል፤ ጥፋቱ መቼና ወዴት እንደሚላክ የመወሰን ሥልጣን የላኪው መሆኑን ዘንግቶ የራሱን ፍጥነት በትእዛዝ ቦታ መተካቱ ነው።

ይህ የቤትና የአደባባይ ምሳሌ ወደ ክርስትና ሕይወት ሲገባ የሚነካው ጥያቄ ከባድ ነው። በጎ ሐሳብ፣ ማለትም እግዚአብሔርን ለማክበር ወይም ሰውን ለመጥቀም በልብ የሚታሰብ ቅን ዓላማ፣ ለመታዘዝ ምትክ ሊሆን ይችላልን? ብዙ ምእመናን ለዚህ ጥያቄ ያላቸው ፈጣን መልስ እግዚአብሔር ልብን ያያል የሚል ነው። ቃሉ እውነት ነው፤ ሆኖም በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 16 ላይ ዳዊት ሊቀባ ሲል የተነገረው፣ ንጉሡ ሳኦል ትእዛዝ አፍርሶ ሳለ ለመሥዋዕት አስቤ ነው ብሎ ያቀረበው ምክንያት በምዕራፍ 15 ውድቅ ከሆነ በኋላ ነውና፣ ትእዛዝ ያፈረሰ ሰው በጎ ሐሳቡን ይዞ የሚጠለልበት ዋሻ ሊሆን አይችልም።

የሳኦል ውድቀት ግን የጀመረው ከዚያ ቀደም ብሎ በጌልጌላ ነበር። ነቢዩ ሳሙኤል እስኪመጣ ሰባት ቀን እንዲቆይ ታዝዞ ነበር፤ ፍልስጥኤማውያን በማክማስ ሰፍረዋል፣ ሕዝቡ በዋሻና በቋጥኝ ውስጥ ተሸሽጓል፣ የቀረውም ከንጉሡ እየተለየ ይበታተናል። በዚህ ጭንቀት ውስጥ ሳኦል የሚቃጠለውን መሥዋዕት ራሱ አቀረበ፤ አቅርቦ እንደጨረሰም ሳሙኤል ደረሰ። ይህን ታሪክ በጥንቃቄ የሚያነብ ሰው ለሳኦል ማዘኑ አይቀርም፤ ቀኖቹን ሁሉ ጠብቆ በመጨረሻዋ ሰዓት ተሸንፏልና፣ ያደረገውም ነገር ጸሎትና መሥዋዕት እንጂ ዝርፊያ አይደለምና። ሆኖም የጥበቃው ፍሬ ነገር ያለው በዚያች በመጨረሻዋ ሰዓት ነበር፤ ትእዛዝ ከሰው ግምት ጋር እስከተስማማ ድረስ መፈጸሙ ሰውየው የሚታዘዘው ለእግዚአብሔር ይሁን ለራሱ ግምት አይለይም።

ከሁሉ ይልቅ አንባቢን የሚያስጨንቀው የዖዛ ታሪክ ነው። በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ምዕራፍ 6 እንደተጻፈው፣ ታቦተ ሕጉ በአዲስ ሠረገላ ተጭኖ ሲጓዝ በሬዎቹ ቢደናቀፉ ዖዛ ታቦቱ እንዳይወድቅ እጁን ዘርግቶ ያዘው፤ በዚያውም ተቀሥፎ ሞተ። ለታሪኩ ማብራሪያ የሚሆነው ከዖዛ እጅ ይልቅ ሠረገላው ነው። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 7 ሙሴ ከሌዋውያን ወገን ለጌድሶን ልጆች 2 ሠረገላና 4 በሬ፣ ለሜራሪ ልጆች 4 ሠረገላና 8 በሬ ሲሰጥ፣ ለቀዓት ልጆች ግን ንዋየ ቅድሳቱን በትከሻቸው መሸከም ስለሚገባቸው ምንም አልሰጠም፤ በምዕራፍ 4 ደግሞ ቅዱሱን ነገር እንዳይነኩና እንዳይሞቱ ተነግሯል። ታቦቱን በአዲስ ሠረገላ መላክን የጀመሩት ሕጉን ያልተቀበሉት ፍልስጥኤማውያን ነበሩ፤ ሕጉ ያለው እስራኤል የእነርሱን ልማድ በታላቅ ደስታና በዝማሬ ደገመው። ስለዚህ ዖዛን ለዚያች አስፈሪ ቅጽበት ያበቃው አስቀድሞ የተጣለ ትእዛዝ ነበር፤ ታቦቱ በሌዋውያን ትከሻ ላይ ቢሆን ኖሮ የሚደናቀፍ በሬ ባልኖረ፣ የሚያድን እጅም ባላስፈለገ። ዳዊትም ከሦስት ወር በኋላ ታቦቱን ሲያወጣ አስቀድሞ እንደ ሥርዓቱ አለመፈለጋቸውን አምኖ ሌዋውያንን ማሸከሙን መጽሐፈ ዜና መዋዕል ቀዳማዊ በምዕራፍ 15 ይተርካል። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጥር 10 ቀን በከተራ ታቦታት ወደ ውኃ ሲወርዱ ካህናት ተሸክመዋቸው የሚሄዱት፣ ምእመናንም በእልልታና በዝማሬ አጅበው እጃቸውን የሚሰበስቡት ፍቅርና ሥርዓት አብረው መሄድ ስለሚችሉ ነው።

ምሳሌው ከዕለት ኑሮ ጋር ሲገጣጠም አንድ ያልተባለ ነገር ይገለጣል፤ ሳይልኩት የሚሮጥ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሮጠው ከተላከበት ሸሽቶ ነው። ጌታ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 የነቀፈው ቁርባን የተባለ ልማድ ይህንኑ ያሳያል፤ ቁርባን ለእግዚአብሔር የተለየ ስጦታ ማለት ሲሆን፣ ልጅ ለአባትና ለእናቱ መጦሪያ የሚገባውን ሀብት በዚህ ስም አስሮ አባትህንና እናትህን አክብር ከሚለው ትእዛዝ ያመልጥ ነበር። ዛሬም ለደብሩ ጃንጥላና መጎናጸፊያ ተስሎ የሚያስገባ ሰው የቤት ሠራተኛውን ደመወዝ ለወራት ሊያዘገይ፣ በየወሩ በ12 የቅዱስ ሚካኤልን ዝክር የሚዘክርም በድንበር ከተጣላው ወንድሙ ጋር ሳይታረቅ ዓመታት ሊያሳልፍ ይችላል። ስለቱም ዝክሩም መልካም ነው። ነገር ግን ሠራተኛው የዕለት ዋጋውን ፀሐይ ሳትገባ እንዲቀበል ኦሪት አዝዛለች፤ ወንድሙ የተቀየመበትም መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ ወንጌል አዝዟል። እነዚህ ትእዛዛት ግልጽ ሆነው ሳለ ያልታዘዘ ነገር መጨመር የሚቀለው፣ ስጦታውን ሰጪው ራሱ ስለሚመርጠውና ምስጋናም ስለሚያስገኝለት ነው፤ ዕርቅ ግን ትዕቢትን ያስከፍላል፣ የሚያጨበጭብለትም የለም።

ይህ ሁሉ ሲባል ምሳሌው በሁሉም ቦታ እውነት ነው ማለት አይደለም። በቢታንያ በስምዖን ቤት ከ300 ዲናር በላይ የሚያወጣ የናርዶስ ሽቱ በጌታ ራስ ላይ ያፈሰሰችውን ሴት ማንም አልጠራትም፣ ማንም አልላካትም፤ ሆኖም መልካም ሥራ እንደሠራች ተመሰከረላት። አንድ ዲናር የአንድ ሠራተኛ የቀን ዋጋ ነበርና ሽቱው የዓመት ደመወዝ ያህል ነው፤ ተሸጦ ለድሆች ይሰጥ ያሉትም በጎ ያሰቡ ይመስሉ ነበር። እርስዋ ግን በስጦታዋ ከየትኛውም ትእዛዝ አላመለጠችም፤ ለድሆች የሚደረገው በጎነትም በማንኛውም ጊዜ ክፍት መሆኑን ጌታ በዚያው ተናግሯል። ምሳሌው የሚያስታውሰው በጌታና በሎሌ መካከል ያለን ግንኙነት ነው፤ ጌታ ኢየሱስ ግን ደቀ መዛሙርቱን ከእንግዲህ ባሮች እንደማይላቸው፣ ወዳጆች እንዳደረጋቸው በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ነግሯቸዋል፤ ወዳጅነቱንም እዚያው ላይ ትእዛዙን ከመፈጸም ጋር አስሮታል። የተራበ ጎረቤት ያየ ክርስቲያንም ሌላ ጥሪ አይጠብቅም፤ ባልንጀራህን ውደድ በተባለ ጊዜ አስቀድሞ ተልኳልና።

በእግዚአብሔር ስም የሚናገር ሰው ሁሉ የእግዚአብሔርን ትእዛዝ ይናገራል ማለትም አይደለም። ሐዋርያት ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር መታዘዝ ይገባል ብለው የመለሱት ለካህናት አለቆች ነበርና፣ ምእመኑ መታዘዙን ከመጽሐፍና ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጋር እያስተያየ፣ ከንስሐ አባቱ ጋር እየተመካከረ ሊመዝን ይገባዋል።

ምሳሌውን ከሁሉ ይበልጥ የሚፈትነው የዳዊት ነገር ነው። ንጉሡ በዝግባ ቤት ተቀምጦ ታቦቱ በመጋረጃ ውስጥ መሆኑ ቢከብደው ቤተ መቅደስ ሊሠራ አሰበ፤ ነቢዩ ናታንም በልቡ ያለውን ሁሉ እንዲያደርግ ነገረው፤ በዚያው ሌሊት ግን ቃለ እግዚአብሔር ወደ ናታን መጥቶ ከለከለ። ሐሳቡ መልካም እንደነበረ ሰሎሞን በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 8 ይመሰክራል፤ መልካም ሆኖ ሳለም አልተፈቀደም። ዳዊት ታላቅ ንጉሥ፣ ግንበኛም እንጨትም የማይቸግረው ሰው ሲሆን፣ አንድ የመሠረት ድንጋይ ሳያኖር ብረቱን፣ ናሱንና የዝግባውን እንጨት አከማችቶ፣ የሕንፃውንም ንድፍ ለልጁ አስረክቦ አረፈ፤ ሰሎሞንም በነገሠ በ4ኛው ዓመት ሥራውን ጀመረ።