የሐሙስ ገበያና የጁሙዓ ሰፍ

 

ሰሞኑን አንድ አባት ከአጋሮ ደወሉልኝ። ሴት ልጃቸውን አንድ ወጣት ጠይቋታል። ስለ ዲኑ ጠየቅኳቸው። «ሰላቱን አያጓድልም» አሉ። ሥራውስ? «ቡና ማጠቢያ ላይ ነው፣ እጁ ንጹሕ ነው።» ታዲያ ምን ቸገረ ስላቸው ትንሽ ዝም አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አያቱ እኮ... ያው ያውቁታል፣ ኡስታዝ» አሉኝ። ቃሉን ግን አልጠሩትም። ያ ያልጠሩት ቃል በሰላታችን ሁሉ ራሳችንን ለአላህ የምንጠራበት ቃል ነው፤ ባሪያ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ትዝ ያለኝ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት አርስጣጣሊስ ነው። ይህ ሰው «ፖለቲካ» በተባለው መጽሐፉ የመጀመሪያ ክፍል ላይ አንዳንድ ሰዎች በተፈጥሯቸው ባሪያ ናቸው ብሎ ይከራከራል። ባሪያ ለእሱ ነፍስ ያለው መሣሪያ ነው። በዘመኑ ይህን የማይቀበሉ ግሪኮች እንደነበሩም እዚያው ያነሳል፤ ባርነት የሰው ሕግ የፈጠረው እንጂ ከተፈጥሮ የመጣ አይደለም ይሉ ነበር። ሲሞት ግን በተናገረው ኑዛዜ፣ ሲያገለግሉት የነበሩ ልጆች እንዳይሸጡና ዕድሜያቸው ሲደርስ፣ የሚገባቸው ከሆነ፣ ነፃ እንዲወጡ አዝዟል። እስቲ አስቡት። አንድ ሰው በተፈጥሮው ባሪያ ከሆነ ነፃነት እንዴት «ይገባዋል»? ብዕሩ ያልደፈረውን ኑዛዜው ተናገረው።

ከእሱ ከ300 ዓመት በላይ ዘግይቶ ኤፒክቴተስ መጣ። እሱ ራሱ ሮም ውስጥ ባሪያ ነበር፣ እግሩም ሽባ ነበር። ነፃ ወጥቶ አስተማሪ ሲሆን ያስተማረው ዋና ነገር ይህ ነው፦ ሰውነትህን ሊያስሩት ይችላሉ፣ ፈቃድህን ግን ማንም አያስረውም፤ በስሜቱ የሚነዳ ጌታ ከባሪያው በላይ ባሪያ ነው። ቆንጆ ትምህርት ነው፣ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ይህን ትምህርት ባሪያው ሲናገረው ጽናት ነው። ጌታው ሲናገረውስ? «ልብህ ነፃ ነው፣ ስለዚህ ሥራህን ሥራ» ማለት ይሆንለታል።

የሐበሻውን ልጅ ቢላልን (ረ.ዐ.) ተመልከቱ። በመካ ፀሐይ ድንጋይ ደረቱ ላይ ተጭኖበት «አሐድ፣ አሐድ» ሲል ልቡ ከኡመያ ልብ ይልቅ ነፃ ነበር። አቡበክር (ረ.ዐ.) ግን «ልቡ ነፃ ነው፣ ይበቃዋል» ብለው አላለፉም። ገንዘብ ከፍለው ገዙና ነፃ አወጡት። በሱረቱል በለድም አላህ (ሱ.ወ.) ያን አስቸጋሪ አቀበት ሲያብራራ መጀመሪያ ያነሳው ልብን ማጥራት አይደለም፤ አንገትን ከባርነት መፍታት ነው። የዘካ ገንዘብ ሳይቀር ለዚህ ድርሻ አለው። ሰውን በስህተት የገደለ፣ መሐላውን ያፈረሰ፣ ማካካሻው ውስጥ ባሪያ ነፃ ማውጣት አለበት።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ይህን አንቀጽ ጅማ ውስጥ ስንት ትውልድ ቀራው? የሂርማታ ገበያ ሐሙስ ነው የሚቆመው፣ ዛሬም ድረስ። በ19ኛው መቶ ዘመን በአገሩ ስመ ጥር ገበያ ነበር፤ ቡናና የዝሆን ጥርስ ይሸጥበታል፣ ከከፋና ከዳውሮ በኩል የሚመጣ ሰውም ይሸጥበት ነበር። የአባ ጅፋርን ዘመን በኩራት እናነሳለን፣ የሚያኮራም ነገር አለው፤ ጂሬን ያለው ቤተ መንግሥት አለ፣ ለዑለማዎች የተሰጠው ክብር አለ። ግን የገበያው ነጋዴም ገዢውም በብዛት ሙስሊም ነበር። ሐሙስ ሰው ሸጦ ጁሙዓ ሰፍ ላይ የቆመ ነበረ። ይህን ለጠላት ወሬ መተው አልፈልግም፣ እኛው ብንናገረው ይሻላል። ቀስ በቀስ ነፃ የማውጣት አዋጅ በ1916 ዓ.ም. ወጣ፤ ባርነትን ፈጽሞ የሚከለክለው ደግሞ ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. ነበር። የአንዳንዶቻችን አያት ያን ጊዜ ትልቅ ሰው ነበሩ።

አዋጁ ገበያውን ዘጋ፣ ስሙን ግን ደም ውስጥ ትቶት ሄደ። አርስጣጣሊስ «በተፈጥሮ» ያለውን እኛ «በዘር» እያልን ነው፣ ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው።

እውነቱን ለመናገር የአጋሮው አባት ባዶ እጃቸውን አልነበሩም። «ኪታቡም ከፋአ ይላል አይደል?» አሉኝ። አዎን ይላል፤ የሻፊዒይና የሐነፊይ ፉቀሃዎች በኒካሕ እኩያነት ላይ ዘርንና ነፃነትን ያነሳሉ። ደረሳ ሳለሁ እኔም ይህን ያለ ጥያቄ ሐፍዤዋለሁ። ነገር ግን ኢማሙ ማሊክ ዘንድ የእኩያነቱ መሠረት ዲን መሆኑንም በዚያው ጊዜ ነው የተማርኩት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የአክስታቸውን ልጅ ዘይነብን (ረ.ዐ.) ባርነትን ለቀመሰው ለዘይድ (ረ.ዐ.) ነው የዳሩት። ትዳራቸው አልዘለቀም፣ ተፋቱ፤ የሚከራከረኝ ሰው ሁሌ ይህን ያነሳብኛል። ይሁን። መዳሩ ግን ተደርጓል፣ ያደረጉትም እሳቸው ናቸው። አቡ ዘር (ረ.ዐ.) አንድን ሰው በእናቱ ሲያነውር ደግሞ፣ በአንተ ውስጥ ገና ጃሂሊያ አለ ብለው ነው የገሠጹት። አቡ ዘር ከቀደምት ሶሓቦች አንዱ መሆኑን አትርሱ። ጃሂሊያው ከሰላቱና ከጾሙ ጋር አብሮ ሊኖር ችሏል ማለት ነው።

ልጅቷን በቀጥታ አላናገርኳትም። እናቷ ግን «እሷ እሺ ብላለች» ብላኛለች። የፊታችን ቅዳሜ አጋሮ እሄዳለሁ፤ አባትየው ቡና እናፈላለን ብለውኛል። ኪታቡን ይዤ ነው የምሄደው፣ የሻፊዒዩንም የማሊኪዩንም፤ ልጁንም እዚያው እንዲጠሩት ለምኛቸዋለሁ። «እናያለን» ነው ያሉኝ።