የመስታወት ሥዕል ጠጋኝ ታማኝነቱ ለማን ነው?

የመስታወት ሥዕል የሚባለው፣ ሲቀልጥ በማዕድን ቀለም የተዋሐደ መስታወት በሥዕሉ ልክ እየተቆረጠ፣ የፊቱ፣ የእጁና የልብሱ መስመር እየተሣለበት እንደገና በእሳት ከተተኮሰ በኋላ፣ ቁርጥራጩ ሁሉ እርሳስ ከተባለው ለስላሳ ማዕድን በተሠራ ማሰሪያ ተያይዞ በመስኮት ላይ የሚቆም ሥራ ነው። የግድግዳ ሥዕል ብርሃን ከፊቱ ሲያርፍበት ይታያል፤ የመስታወት ሥዕል ግን ብርሃን ከጀርባው ካላለፈበት ሥዕልነቱ አይገለጥም፤ ሌሊት ከውስጥ ሆኖ ለሚያየው ሰው የጠቆረ ሰሌዳ ብቻ ነው። በዚህ ባሕርዩ የተነሣ ጠጋኙን ሌሎች የቅርስ ጠባቂዎችን በዚህ መጠን የማይገጥማቸው ጥያቄ ይገጥመዋል፦ ታማኝነቱ የጥንቱ ጠቢብ እጅ ለነካው መስታወት ነው፣ በመስታወቱ ላይ ለተሣለው ታሪክ ነው ወይስ በመስኮቱ ሥር ቆሞ ለሚጸልየው ምእመን? መስኮቱ ደኅና እስከሆነ ድረስ ሦስቱ አይጋጩም፤ መስታወቱ ሲሰነጠቅ፣ መስመሩ ሲረግፍ፣ የአንድ ቅዱስ ፊት ከነጭራሹ ሲጠፋ ግን ይለያያሉ፤ ባለሙያውም አንዱን ከሌላው ማስቀደም ግድ ይሆንበታል።

ነገሩ የዛሬ ዘመን ጭንቀት ብቻ አይደለም። በፓሪስ አጠገብ የሚገኘው የቅዱስ ዴኒስ ገዳም አበምኔት የነበረው ሱጄር፣ አዲስ ያሳነጸውን የቤተ ክርስቲያኑን ምሥራቃዊ ክፍል በ1144 ሲያስባርክ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) ዙሪያውን ባለቀለም መስኮቶች አቁሞበት ነበር። ስለ ሥራው በተወው ጽሑፍ ላይ እንዳስረዳው፣ በግዙፉ ቁስ አካል የሚያበራው ብርሃን ደካማውን የሰው ልቡና ከሚታየው ወደማይታየው ያወጣዋል፤ ይህንም ሐሳብ በዲዮናስዮስ አርዮስፋጎሳዊ ስም ከሚታወቁት የነገረ መለኮት መጻሕፍት እንዳገኘው ብዙ ሊቃውንት ሲናገሩ፣ የሚጠራጠሩም አልጠፉም። አንባቢዎች ብዙ ጊዜ የሚያልፉት ግን በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ያለውን ሌላ ቁም ነገር ነው፤ ሱጄር መስኮቶቹን የሚጠብቅና የሚጠግን ጠቢብ በቋሚነት ሾሞ፣ ከመሠዊያው መባ ገንዘብ፣ ከመነኰሳቱ ጎተራ ደግሞ ዱቄት እንዲሰፈርለት ወስኗል። ስለ ብርሃን እንዲህ ከፍ አድርጎ የተናገረ ሰው ስለ ጠጋኙ ቀለብም ማሰቡ ተራ የመጋቢነት ጉዳይ ተደርጎ ሊታለፍ አይገባም፤ መስኮት ከተሠራበት ቀን ጀምሮ የሚያረጅ መሆኑን፣ ጥገናውም የሥራው አካል እንጂ ለኋለኛ ትውልድ የሚተው ዕዳ አለመሆኑን መረዳቱን ያሳያል።

በዚያው በ12ኛው ክፍለ ዘመን የሲስተርሲያን መነኰሳት የገዳሞቻቸው መስኮቶች ነጭ፣ ያለ መስቀልና ያለ ሥዕል እንዲሆኑ በሥርዓታቸው ደንግገው ነበር፤ የመነኩሴ ልብ በቀለም እንዳይሰረቅ ነው። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንም ከላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ጠባብ መስኮቶች ጀምሮ መቅደሱን በከፊል ጨለማ መጋረድን መርጣለች። ሁለቱም ለምስጢር የተሰጡ የክብር መልሶች ናቸውና፣ ባለቀለሙ መስኮት ብርሃንን ለማክበር የተገኘ አንዱ መንገድ እንጂ ብቸኛው አይደለም።

ጠጋኙ ምን እንደሚገጥመው ለመረዳት የመስታወቱን ጠባይ ማወቅ ያሻል። ቴዎፍሎስ በሚል የብዕር ስም የሚታወቅ መነኩሴ በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ በጻፈው የዕደ ጥበብ መጽሐፍ፣ ሁለት እጅ የቢች ዛፍ አመድ ከአንድ እጅ አሸዋ ጋር ተቀላቅሎ እንዲቀልጥ ያዝዛል። በአመዱ ውስጥ ያለው ፖታሺየም አሸዋው በዝቅተኛ ሙቀት እንዲቀልጥ ያግዘዋል፤ ኮባልት ሰማያዊውን፣ መዳብ ቀዩን፣ ማንጋኒዝ ሐምራዊውን ይሰጣል። ይሁን እንጂ መስታወቱን ለመውለድ የረዳው ያው ፖታሺየም በዝናብና በጤዛ እየታጠበ ይወጣል፤ ገጹ በጥቃቅን ጉድጓድ ይበሳሳል፤ በከተማ ጭስ ውስጥ ካለው ድኝ ጋር ሲገናኝም የጀሶ ቅርፊት ያወጣና ብርሃን ያግዳል። ማሰሪያው እርሳስም መቶ ዓመት ካለፈው በኋላ እየደከመና እየተሰነጠቀ ይሄዳል። እንግዲህ የመካከለኛው ዘመን መስኮት ዝም ብሎ ቢተው የሚቆይ ነገር አይደለም፤ «አትንኩት» የሚለው ምክር ራሱ ውሳኔ ነው፣ ውጤቱም ጥፋት ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ ጎልቶ የታየው በእንግሊዝ አገር፣ በዮርክ ካቴድራል በሚገኘው ታላቁ የምሥራቅ መስኮት ላይ ነው። የኮቨንትሪው ጠቢብ ጆን ቶርንተን በ1405 ውል ገብቶ በ1408 የጨረሰው ይህ መስኮት ከ23 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ በ311 ክፋዮቹም ከላይ የብሉይ ኪዳንን ታሪኮች፣ ከእነርሱ ሥር ደግሞ የዮሐንስን ራእይ ይተርካል፤ በጫፉ ላይ እግዚአብሔር አብ አልፋና ዖሜጋ የሚል ቃል የተጻፈበትን መጽሐፍ ይዞ ይታያል። ውሉ ቶርንተን ሥዕሉን በገዛ እጁ እንዲሥል ያስገድደው ነበር፤ ጠቅላላ ክፍያውም 56 ፓውንድ ነበር። በተከታዮቹ ስድስት መቶ ዓመታት መስታወቱ በተሰነጠቀ ቁጥር ጠጋኞች በስንጥቁ ላይ ተጨማሪ ማሰሪያ ሲያስገቡ ኖሩ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም የካቴድራሉ ዲን ኤሪክ ሚልነር ዋይት ከሌላ ቦታ የተረፈ አሮጌ መስታወት ለመሙያ እየተጠቀሙ መስኮቶቹን በብዙ ትጋት አስጠገኑ። የሁሉም ልቡና ቅን ነበር፤ ነገር ግን የመልአክ ፊት በጥቁር መስመር እየተከፋፈለ፣ የራእዩ ታሪክ እንኳን ለምእመን ለሊቅም የማይነበብ እየሆነ ሄደ። መስኮቱ በ2008 ወርዶ፣ አሥር ዓመት የፈጀው ሥራ በ2018 ተፈጸመ።

በዚህ ዓይነቱ የሥራ ገበታ ላይ የሚደረገውን ቀረብ ብሎ ማየት ክርክሩን ያጠራዋል። ክፋዩ በመጀመሪያ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ቀጭን ወረቀት ተነጥፎበት በግራፋይት እየታሸም የማሰሪያው መስመር ሁሉ ይቀዳል። ከዚያ የደከመው ማሰሪያ ይፈታና እያንዳንዱ ቁራጭ በማይክሮስኮፕ ሥር በጥጥና በተጣራ ውሃ ይጸዳል። የጥንቱ ሠዓሊ መስመር የሚገኘው በአብዛኛው በውስጠኛው ገጽ ላይ ነው፤ የብረት ወይም የመዳብ ኦክሳይድ ከደቀቀ መስታወት ጋር ተለውሶ የተተኮሰ ሲሆን፣ አንዳንዱ በጣት ቢነካ ስለሚረግፍ፣ ቆሻሻው መስመሩን ደግፎ በያዘበት ቦታ ቆሻሻው ይተዋል። የተሰነጠቀው ቁራጭ ጠርዝ ለጠርዝ በሙጫ ሲጣበቅ በኋለኞቹ ዘመናት የተጨመረው ማሰሪያ ይወገዳል፤ ፊቱም እንደገና አንድ ፊት ይሆናል። መስመሩ የጠፋ እንደሆነ ባለሙያው በአሮጌው መስታወት ላይ ብሩሽ አያሳርፍም፤ የጎደለውን መስመር ብቻ በስስ አዲስ መስታወት ላይ ሥሎና ተኩሶ ከጀርባው ይደርበዋል። ከታች ሆኖ ለሚያይ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ነገ የበለጠ የሚያውቅ ቢመጣ ግን ደራቢውን አንሥቶ አሮጌውን እንደነበረ ያገኘዋል። በመጨረሻም የጥንቱ ሥዕል ወደ ውስጥ ፈቀቅ ብሎ ይሰቀላል፤ በቀድሞው ቦታ ግልጽ መከላከያ መስታወት ገብቶ ዝናቡን ይችልለታል፤ በመካከላቸውም ጤዛ እንዳይቋጥር አየር ይመላለሳል። በ1952 የተመሠረተው የመስታወት ሥዕል አጥኚዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር፣ ኮርፐስ ቪትሬአሩም፣ በመመሪያው የሚያስተምረው ይህንኑ ነው፤ እጅ ጥቂት ይንካ፣ የነካውም ተመልሶ የሚነሣ ይሁን ይላል።

እንግዲህ ይህ የተደረበ መስመር ሐሰት ነውን? እንግሊዛዊው ሐያሲ ጆን ራስኪን በ1849 ባሳተመው መጽሐፍ ማንኛውም እድሳት ከነመሠረቱ ሐሰት መሆኑን፣ ለሕንጻም ከጥፋት ሁሉ የከፋው ጥፋት እርሱ መሆኑን ተከራክሯል። ፈረንሳዊው የሥነ ሕንጻ ሊቅ ቪዮሌ ለ ዱክ በበኩሉ ማደስ ማለት ምናልባት ከቶ ወዳልነበረ ፍጹምነት መመለስ እንደሆነ አስተምሯል። ሁለቱም መስኮቱን እንደ ሐውልት ያዩታል፤ የአንደኛው ልብ በቁሱ፣ የሁለተኛው በቅርጹ ተይዟል። የቅዱስ ባስልዮስ ትምህርት ግን ለሥዕል የሚቀርበው ክብር ወደ ባለቤቱ የሚያልፍ መሆኑን ይናገራል፤ ሥዕሉ ማንን እንደሚያሳይ የማይታወቅ ከሆነ የሚያልፍበት መንገድ ተዘግቷል ማለት ነው፤ ስለዚህ መነበቡ ለመስኮቱ ጌጥ ሳይሆን ህላዌው ነው። የግዕዝ ብራና መጻሕፍት ለዚህ ጥሩ ምስክር ናቸው፤ ቅጠል በጎደለ ጊዜ የኋላ ዘመን ጸሐፊ ጽፎ ይተካል፤ እጁ ከፊተኛው እጅ መለየቱን አንባቢ ሁሉ ያየዋል፤ ማንም ግን ሐሰተኛ አይለውም፣ መጽሐፉ እንዲነበብ ደክሟልና። ሐሰት የሚሆነው ኋለኛው የፊተኛውን ደኅና ጽሑፍ ፍቆ የራሱን ቃል ቢያሰፍር ነው።

በፓሪስ የኖትር ዳም ካቴድራል የተነሣው ክርክር ያረፈው በዚሁ ድንበር ላይ ነው። በደቡብ በኩል ባሉት ስድስት የጸሎት ክፍሎች በቪዮሌ ለ ዱክ ዘመን የገቡት መስኮቶች ከ2019ኙ ቃጠሎ ሳይጎዱ ተርፈዋል። ሆኖም በታኅሣሥ 2023 የአገሪቱ ፕሬዚዳንት በዘመኑ ሥራ እንዲተኩ ሐሳብ አቀረቡ፤ ብሔራዊው የቅርስና የሥነ ሕንጻ ኮሚሽን በሐምሌ 2024 በአንድ ድምፅ ቢቃወመውም፣ በዓመቱ መጨረሻ ክሌር ታቡሬ የተባለች ሠዓሊ በዓለ ጰራቅሊጦስን የሚያሳዩ አዲስ መስኮቶች እንድትነድፍ ተመረጠች። የሠዓሊዋ ችሎታም የርእሱ ቅድስናም የሚያከራክር አይደለም፤ ነገር ግን ደኅና የቆመን ሥራ ማውረድ ብራናውን መፋቅ ነው። በጀርመን ኮሎኝ ካቴድራል የተደረገው ከዚህ ይለያል፤ በዚያ የቀድሞው የመስታወት ሥዕል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጠፍቶ ስለነበር፣ ጌርሃርት ሪሽተር በ2007 በ72 ቀለማት 11,263 ባለአራት ማዕዘን ቁርጥራጭ የደረደረበት መስኮት የገባው የጥንቱ ሥዕል በጠፋበት ስፍራ ነው። የከተማዋ ሊቀ ጳጳስ የነበሩት ካርዲናል ማይስነር ምስል አልባነቱ ለካቴድራል አይስማማም ብለው ተቃውመዋል፤ ተቃውሟቸው በነገረ ሥዕል ረገድ ሊመዘን የሚገባው ቢሆንም፣ ሥራው ደኅና የቆመ የጥንት ሥዕል ግን አላፈናቀለም።

ከዚህ አንጻር ጠጋኝነትንና ፈጣሪነትን ሁለት የተለያዩ ሙያዎች አድርጎ መቁጠሩ ስሕተት ነው። የጎደለውን መስመር በደራቢው ላይ የሚያሰፍረው እጅ፣ ሙሉ ፊት ሥሎ የማያውቅ ከሆነ መስመሩ ይሞትበታል፤ አዲስ መስኮት የሚሠራውም አሮጌ ክፋይ ፈትቶ ካላየ ሥራው በመቶ ዓመት ውስጥ የት የት እንደሚደክም አያውቅም። ለሁለቱም በእስትንፋስ ተነፍቶ የተዘረጋ መስታወት ያስፈልጋል፤ ዩኔስኮ በ2023 በእጅ የሚሠራ የመስታወት ሙያን በስድስት የአውሮፓ አገሮች ጥያቄ በማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ሲመዘግብ፣ በዚያው ዓመት በብሪታንያ ይህ በትንፋሽ የሚሠራ ጠፍጣፋ መስታወት ከጠፉት ዕደ ጥበባት ጋር ተቆጥሯል። መስታወቱ ከቀረ መስኮቱን በትክክል መጠገን እንደማይቻል ብዙ ምእመናን የሚረዱት አይመስልም።

ጉዳዩ የአገራችንም ነው፤ በአዲስ አበባ የአፍሪካ አዳራሽ በ1961 ሲመረቅ የቆመው የሠዓሊው የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ሲሆን፣ አዳራሹ ታድሶ በ2024 ዳግም ሲከፈት እርሱም ለዕይታ በቅቷል። የቅድስት ሥላሴ ካቴድራልም የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ የሚያሳዩ የመስታወት ሥዕሎች አሏት። እነዚህ መስኮቶች የሚሰነጠቁበት ቀን ሳይደርስ፣ ቤተ ክርስቲያኒቱና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ተባብረው እያንዳንዱን ክፋይ በፎቶግራፍ ይመዝግቡ፤ ሥዕልንም መስታወትንም ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያንንም አንድ ላይ የሚማሩ ጥቂት ወጣቶችን መርጠው ያሠልጥኑ፤ ለእነዚህም ወጣቶች ደመወዝ በጀት ይያዝላቸው።